በር ላይ የቆመ መርዶ

ካልጋሪ፣ ጁላይ 17 ቀን 1988

ለአቶ የሺጥላ፣

ሰላምታዬ ከነቤተሰብዎ ይድረስዎ። ደብዳቤዎ የተላከው በሥራ ቦታዬ አድራሻ ስለሆነ ጥቂት ቀን ዘግይቶ እጄ ገባ። አዎን፣ እህትዎ አፀደ የጻፈችልዎ ጋይም እኔ ነኝ። ለደረሰባችሁ ሐዘን እግዚአብሔር ያጽናችሁ። እናታችሁን ወይዘሮ ገበያነሽን አላውቃቸውም። ልጃቸውን ግን ከዓመት በላይ በየቅዳሜው ከጎኔ ስትሠራ አይቻታለሁ፤ እንዴት ያሉ ሴት እንዳሳደጓት ከዚያ ይገባኛል።

አማርኛዬ ቢሻክር ይቅር ይበሉኝ። አስመራ ተማሪ ቤት ነው የተማርኩት፤ አሁን ግማሹ እንግሊዝኛ ሆኗል።

የጠየቁኝን ልመልስ። አፀደ የምትኖረው ቤልትላይን በሚባል ሰፈር፣ የአንድ አፓርትመንት ቤዝመንት ውስጥ፣ ከመሬት በታች ባለው ክፍል፣ ከሁለቱ ልጆቿ ከሳሙኤልና ከገኒ ጋር ነው። ባልዬው ቶሮንቶ ነው፤ እንደማይመለስ ሁሉም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። ጤናዋ ደህና ነው። ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ጋ ትመጣለች።

እኛ የምልዎ፣ ቤት ለቸገራቸው ቤተሰቦች ቤት የሚሠራ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ነው። ሰው ጉልበቱን በነጻ ይሰጣል፤ ጣውላውና ምስማሩ ከየሱቁ በልመና ይመጣል። ቤቱ የሚደርሰው ቤተሰብም አብሮ ይሠራል እንጂ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። እህትዎ መጀመሪያ የመጣችው ለራሷ ብላ አልነበረም። አብራት ሆቴል የምትሠራ አንዲት የፊሊፒንስ ሴት ቤት ሲሠራላት ልታግዝ መጣች። ያ ቤት አልቆ ሴትዮዋ ስትገባ አፀደ መምጣቷን አልተወችም። ዘንድሮ የማኅበሩ ሰዎች ራሳቸው ጠርተው «አንቺስ የት ነው የምትኖሪው?» አሏት። ቤቷ የሚሠራው ሞንተሬይ ፓርክ የሚባል ሰፈር ነው። መሠረቱ ተሞልቶ አልቋል። የሚመጣው ቅዳሜ ግድግዳ እናቆማለን።

የከበደኝ የመጨረሻው ጥያቄዎ ነው። መርዶውን እኔ ሰው ሰብስቤ በማለዳ እንድነግራት ይላሉ። አቶ የሺጥላ፣ እዚህ የእናንተ ሰዎች አሉ፤ ቤተ ክርስቲያን የምትገናኛቸው። የእኛና የእናንተ ሰው እዚህ አገር ሰላም ከተባባለ በኋላ ብዙ የሚነጋገረው የለውም። ምክንያቱን ወረቀት ላይ ማስፈር አያስፈልግም። እኔ የአስመራ ሰው የእናቷን ሞት ይዤ በሯን ባንኳኳ ያምራል? ይህን ይመልሱልኝ።

እስከዚያ ከባለቤቴ ከጸሃይቱ በቀር ለማንም አልተነፈስኩም።

አክባሪዎ
ጋይም


አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 6 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለጋሼ ጋይም፣

እንደምን ሰነበቱ? እትዬ ጸሃይቱስ እንደምን አሉ? እኛ ከእናታችን በቀር የጎደለብን የለም። እባክዎ እኔን «እርስዎ» አይበሉኝ። ልጅዎ ለመሆን ባልደርስም ታናሽ ወንድምዎ ነኝ።

ለምን እኔን ብለዋል። የአፀደን ወዳጆች ስለማውቃቸው ነው። ለአንዷ ብጽፍ ያቺ ለሌላዋ ትደውላለች፤ ሌላዋ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ድንገት አግኝታት «እግዜር ያጽናሽ» ትላታለች። ስለ እርስዎ ግን እህቴ ምን ብላ እንደጻፈችልኝ ልንገርዎ፦ «ጋሼ ጋይም ምስማር አፋቸው ውስጥ ስለሚይዙ ነው መሰለኝ ቃል አያመልጣቸውም።» እኔ የምፈልገው እንዲህ ያለውን አፍ ነው።

የአገር ነገር ያነሱትም ገብቶኛል። እናቴን ከተሸከሙት አንዱ የደቀመሐሬ ሰው ነው፤ ጎረቤታችን። ቀባሪ አገሩ አይጠየቅም።

እንዴት ሞተች ብላ ትጠይቅዎታለችና ይወቁት። አልታመመችም፣ አላስታመመችንም። ሰኔ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ስማ ተመለሰች፤ ነጠላዋን ሳታወልቅ ጋደም አለች፤ በዚያው ቀረች።

ግድግዳ እናቆማለን ያሉትን ደጋግሜ አነበብኩት። አፀደም ጽፋልኛለች። በረዶ ሳይመጣ ጣሪያው መከደን እንዳለበት፣ የዓመት ዕረፍቷን እንኳ እዚያው ሥራው ላይ እንደምትጨርሰው። ከልጅነቷ ጀምሮ ሐዘን ሲገባት የያዘችው ሁሉ ከእጇ ይወድቃል። ያን የመሰለ ነገር በእኔ ቃል እንዲቋረጥ አልፈልግም። ስለዚህ ጣሪያው እስኪከደን ይቆይ። ከተከደነ በኋላ ግን አይደር።

እስከዚያ በእናቴ ስም ሰላምታ እየጨመርኩ እጽፍላታለሁ። ድምጿን በካሴት ቀድተህ ላክልኝ ብላኝ ነበር፤ ቴፑ ተበላሽቷል አልኳት። ትናንት ስጽፍላት «እማማ ትመርቅሻለች» የሚለው ላይ ስደርስ እጄ አልሄድ አለኝ። ባለቤቴ እስክሪብቶውን ተቀብላ ጨረሰችልኝ።

ታናሽዎ
የሺጥላ


ካልጋሪ፣ ሴፕቴምበር 18 ቀን 1988

የሺጥላ ወንድሜ፣

እንዳልከው «አንተ» ብዬ ጀምሬያለሁ። መልስ ያዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ጣሪያው ተከድኗል፤ ለአፀደ ግን አልነገርኳትም። ቀጥ አድርጌ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው።

ጣሪያው እንዳለቀ መስኮቶቹ መጡ። መስኮቶቹን እንደገጠምን የኤሌክትሪኩ ኢንስፔክተር እስኪያይ ይጠበቅ ተባለ። ኢንስፔክተሩ ካየ በኋላ ግድግዳውን ከውስጥ መዝጋት ነበረብን። ቤት ሲሠራ ሁልጊዜ ቀጥሎ የሚመጣ አንድ ነገር አለ፤ እኔም በየሳምንቱ እሱን ሰበብ አደረግሁ። ትናንት ራት ላይ ጸሃይቱ፣

«ጋይም፣ ይኼን ቤት የምትሠራው ለእሷ ነው ወይስ ከእሷ ለመሸሽ?» አለችኝ።

ተነስቼ ሳህኖቹን አጠብኩ።

የሥራችን ኃላፊ ሎይድ የሚባል ጡረታ የወጣ የስንዴ ገበሬ ነው። ቀን ሙሉ ሰው ላይ ሲጮኽ ይውላል፤ አፀደ ላይ ግን አይጮኽም። የጀመረችውን ሳትጨርስ አትነሳም። ከእጇ ምንም ነገር አልወደቀም፤ ይህን ለአንተ ብዬ አስተውያለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ደረጃው ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ከምንም ተነስታ፣

«ጋሼ ጋይም፣ እናትዎ በሕይወት አሉ?» አለችኝ።

«የለችም።»

«ማን ነገረዎት?»

«ማንም አልነገረኝም። የቀበርኳት እኔ ነኝ።»

የተረፈ ሳንድዊቿን በወረቀት ጠቀለለች። «ታድለዋል» አለች። ከዚያ «ብሬክ አልቋል፣ ሎይድ እያየን ነው» ብላ ተነሳች።

ምን ለማለት እንደፈለገች አላውቅም። እንዳለ ጽፌልሃለሁ።

ጋይም


አዲስ አበባ፣ መስከረም 24 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለጋሼ ጋይም፣

እንኳን አደረሰዎ፤ እንቁጣጣሹም መስቀሉም አልፏል።

የእናቴን አርባዋንም ሰማንያዋንም አወጣን። ለቀስተኛው ሁሉ «አፀደ ሰማች ወይ?» ይለኛል። «አልሰማችም» ስለው ፊቱን ያዞርብኛል። ልክ ነው። አፀደ ለእናቴ ብላ የአዲስ ዓመት ካርድ ልካለች፤ ውስጡ የልጆቹ ፎቶ አለበት። የት ላስቀምጠው? ለማን ላንብበው? እሷ እዚያ በዓል ትውላለች፣ እኔ እዚህ ጥቁር ለብሼ እንኳን አደረሰሽ እላታለሁ።

ጋሼ ጋይም፣ ቤት ይቆያል። በሩም ይቆያል፣ ቀለሙም ይቆያል። በረዶውም እንደፈለገ ይሁን። ይህ ደብዳቤ እጅዎ በገባ በመጀመሪያው እሑድ ይሂዱልኝ። ከእርስዎ ጋር የሚሄድ ከቤተ ክርስቲያኗ አቶ ተድላ የሚባል ሽማግሌ አለ፤ አፀደ በክርስትና አባትነት ለሳሙኤል የመረጠችው ሰው ነው። ለእሱ ዛሬውኑ ጽፌያለሁ።

ድምፄ ከፍ ብሎ ከሆነ ይቅርታ። ቆጥቤ ጽፌው ነው እንዲህ የሆነው።

የሺጥላ


ካልጋሪ፣ ኦክቶበር 24 ቀን 1988

ለየሺጥላ፣

ትናንት ሄድን። እኔ፣ ጸሃይቱ፣ አቶ ተድላና ወይዘሮ አበበች የሚባሉ የቤተ ክርስቲያኗ ሴት። ከተድላ ጋር ከዚህ በፊት ሰላም ተባብለን አናውቅም። መኪናዬ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ልንደርስ ስንል፣

«ማን ይናገር?» አለኝ።

«እርስዎ ይሻላሉ፣ የክርስትና አባት ነዎት» አልኩት።

«የለም። እኔን ስታይ የምታስበው ስለ ሳሙኤል ነው። እርስዎ ይናገሩ።»

መኪናውን ፓርክ አድርገን ወረድን። ገና አንኳኩተን ሳንጨርስ ከፈተች። የሆቴሉን ዩኒፎርም ለብሳለች። አራታችንን በየተራ አየችን። እሑድ ማለዳ አራት ሰው ዝም ብሎ በር ላይ ሲቆም ምን ይዞ እንደመጣ የአገራችን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እሷ ወደ ኮሪደሩ ወጣችና በሩን ከኋላዋ ገጠም አደረገችው።

«አትንገሩኝ» አለች፣ በዝግታ።

አበበች ልታቅፋት እጇን ዘረጋች። አፀደ ወደ ኋላ ሸሸት አለች።

«እትዬ አበበች፣ እባክዎ አይንኩኝ። ከነኩኝ አልችልም። ጋሼ ጋይም፣ አሁን ብትነግሩኝ የት ሆኜ ላልቅስ? እዚህ? ገኒ ትኩሳት ይዟት ያለቀሰች ጊዜ እንኳ ከላይ ያሉት ለላንድሎርዱ ኮምፕሌይን አድርገውብኛል። ሰው ሊያጽናናኝ ቢመጣ የት ይቀመጣል? ኮሪደር ላይ? እናቴ የማንንም ለቅሶ ቀርታ አታውቅም። የእሷ ለቅሶ በሹክሹክታ አይሆንም።»

ከመካከላችን የእናቷን ስም የጠራ ሰው አልነበረም።

«ማን ነገረሽ?» አላት ተድላ።

«የሺጥላ ነዋ፣ ሳያውቀው። እናቴ ሳትቆጣኝ ሰላም ብላኝ አታውቅም። ለምን ከሳሽ፣ ለምን ፎቶ አልላክሽም፣ ያንን ሰውዬ መጀመሪያ ለምን አገባሽ። ከሐምሌ ወዲህ የሚመጣው ደብዳቤ ግን ምርቃት ብቻ ሆነ። የመጀመሪያው ሲመጣ ደስ አለኝ። ሁለተኛው ሲመጣ ገባኝ።»

እንባ አላየሁባትም። እጇ ግን የበሩን እጀታ ከኋላዋ እንደያዘ ነበር።

«ቤቱ አንድ ወር ነው የቀረው» አለች። «ቁልፉን በተቀበልኩ ማግስት ኑልኝ። ያኔ እንዳልሰማ ሰው ትነግሩኛላችሁ፤ እኔም እንዳልሰማ ሰው እሰማለሁ። እስከዚያ ማንም ምንም አልነገረኝም። አሁን ሺፍት አለብኝ።»

ተመለስን። መርዶ ይዞ ሄዶ መርዶውን ይዞ የተመለሰ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ጸሃይቱ መኪናው ውስጥ ማልቀስ ጀመረች። ተድላ መሐረቡን አውጥቶ ወደ ኋላ አቀበላት።

ያዘዝከኝ አልሆነም። ምን ትላለህ?

ጋይም


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 3 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለጋሼ ጋይም፣

እንዳለችው ይሁን።

ደብዳቤዎን ለባለቤቴ ሳነብላት መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። እህቴ እውነቷን ነው። እናታችን ስትቆጣ የሰፈሩ ውሻ ዝም ይል ነበር። እኔ ደግ አድርጌ ስጽፋት ጊዜ ሞቷ ታወቀ።

ለአፀደ መጻፍ አቁሜያለሁ። ያወቀችን ሰው እንዴት እዋሻለሁ? አልሰማሁም እያለችስ እንዴት እውነቱን እጽፍላታለሁ? ቁልፉን እስክትይዝ እጄን አጣጥፌ ልጠብቅ። በመስከረም የተናገርኩዎትን ይተዉልኝ። ቤት ይቆያል ብዬዎት ነበር። ለምን እንዲሆናት እንደምትሠራው አላወቅሁም ነበር።

አንድ ነገር ግን ልለምንዎ። ለቅሶው ላይ የወንድም ቦታ ባዶ እንዳይሆን። እኔ ከአገር ልውጣ ብል አይፈቀድልኝም፤ ያውቁታል። በእኔ ቦታ ይቀመጡልኝ።

የሺጥላ


ካልጋሪ፣ ዲሴምበር 4 ቀን 1988

ለየሺጥላ፣

ደብዳቤህ በሰዓቱ ደረሰ፤ ቁልፉን በምትቀበልበት ዋዜማ።

ያ ወር እንዴት አለፈ ብትለኝ ሥራ ብቻ ነበር። ቀለም ቀባን፣ በር ሰቀልን፣ የኩሽናውን ቁምሳጥን ገጠምን። ተድላ ከዚያ እሑድ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት ያዘ። መዶሻ መያዝ አያውቅም፤ መጥረጊያ አንስቶ ይጠርጋል። ምሳ ሰዓት ሦስታችን ደረጃው ላይ ተቀምጠን ስለ ቀለም እናወራለን። አንድ ጊዜ አፀደ የትኛው ክፍል ይሰፋል ብላ ሳሎኑን በእርምጃዋ ስትለካ አየኋት። ስንት ሰው እንደሚይዝ እያሰበች ነበር። ሎይድ ሶፋ ልታስገባ መስሎት «ማዕዘኑ ላይ አድርጊው» አላት። «ኦኬ» አለችው።

ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ ቁልፉን ሰጧት። ማኅበሩ ኬክ አመጣ፣ ፎቶ ተነሳን። ሎይድን ንግግር አድርግ ሲሉት «ጣሪያው አያፈስም» ብሎ ተቀመጠ። ልጆቹ ከክፍል ክፍል ሮጡ። እሷም ሳቀች፤ የውሸት ሳቅ አልነበረም።

እሑድ ማለዳ በረዶ እየጣለ አራታችን ተመልሰን ሄድን። ልጆቹን የፊሊፒንሷ ሴት ወስዳቸው ነበር። ቤቱ ውስጥ ገና ዕቃ አልገባም። አፀደ በሩን ከፈተች፤ ነጭ ነጠላ ለብሳለች።

«እንዴ፣ በጠዋት! ደህና ናችሁ? ግቡ እንጂ» አለች። እንደ ውላችን።

ገባን። ወር ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ እንዴት እንዳረፈች፣ ከሚካኤል እንደተመለሰች። አንዱም አልመጣልኝም።

«አፀደ ልጄ፣ እናትሽ እትዬ ገበያነሽ» አልኩ። ከዚያ ወዲያ መጨረስ አላስፈለገኝም።

ያወቀ ሰው አይደነግጥም ብዬ አስብ ነበር። ተሳስቻለሁ። ከሐምሌ ጀምሮ ያን ድምፅ የት አስቀምጣው እንደነበር አላውቅም። አበበችና ጸሃይቱ ሁለት ሆነው ሊይዟት አልቻሉም። እናቷን በስሟ እየጠራች፣ ቁጣዋን እየጠቀሰች፣ አንዴ ተቆጥተሽኝ ብትሄጂ ምን ነበረበት እያለች አለቀሰች። ባዶ ቤት ስለሆነ ሁሉም ነገር ተመልሶ ይሰማል። ተድላ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አለቀሰ። ቀለሙ ገና መድረቁ ነበር።

ጎረቤት ያለ ካናዳዊ ፒጃማው ላይ ካፖርት ደርቦ ምን ሆናችሁ ብሎ መጣ። ተድላ በር ላይ ወጥቶ አስረዳው። ሰውዬው ሄደ፤ ጥቂት ቆይቶ ከሚስቱ ጋር የሚታጠፉ ወንበሮች ተሸክሞ ተመለሰ።

ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሞላ። የእናንተ ሰዎች መጡ። ጸሃይቱ ደውላ ነበርና የእኛም መጡ። መጀመሪያ የእናንተ በመስኮቱ በኩል፣ የእኛ በኩሽናው በኩል ተቀመጡ። ሰው እየበዛ ሲሄድ ቦታ ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ ማን የማን እንደሆነ አይለይም ነበር። ሎይድም ወሬውን ሰምቶ መጣ። ቆቡን አውልቆ ወለሉ ላይ፣ ከእኔ ጎን ተቀመጠ። ጉልበቱ አልታጠፍ አለው፤ ቢሆንም አልተነሳም። በእንግሊዝኛ ቀስ ብሎ «እናቷ መቼ ነው የሞቱት?» አለኝ። «በጁን» አልኩት። ወደ ጣሪያው አየ።

እኔ በአንተ ቦታ ተቀምጬ ነበር። የመጣው ሁሉ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ሲለኝ «አሜን» አልኩ። ቤቱ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው አልተለየውም። ማንም ድምፅ ቀንሱ ያለን የለም። አፀደ አሁን ጥቁር ለብሳ ሥራ ገብታለች። እህል ትቀምሳለች፣ ትተኛለች። በዚህ ሳምንት ትጽፍልሃለች፤ ስለ ምርቃቶቹ ልትቆጣህ ነው፣ ተዘጋጅ።

አሁን የራሴን ነገር ላንሳ። እዚያ ተቀምጬ አሜን ስል የማስበው ስለ እናትህ ብቻ አልነበረም። ታላቅ ወንድሜ ርእሶም ከረን ነው የሚኖረው። ልብስ ሰፊ ነው፤ ማሽኑ ከገበያው በላይ ካለ አንድ በረንዳ ላይ ነው፣ የሚያውቀው አይጠፋም። ከመጋቢት ወዲህ ምንም አልሰማሁም። ምክንያቱን አንተም ታውቀዋለህ፣ እኔም አልጽፈውም። እስከ ዛሬ ማንንም ጠይቄ አላውቅም፤ እስካልጠየቅሁ ድረስ ደህና ነው እያልኩ። አዲስ አበባ ከከረን የመጣ ሰው ይኖራልና አጠያይቅልኝ።

ደህና ከሆነ በሥራ ቦታዬ አድራሻ ጻፍልኝ። ካልሆነ ለእኔ አትጻፍ። ለአፀደ ጻፍላት። ቤቴን ታውቀዋለች።

ወንድምህ
ጋይም